ከመቀበያው እንጀምር



እዚህ ከተሰበሰባችሁት አብዛኞቻችሁ በየቤተ ክርስቲያናችሁ፣ በየመስጊዳችሁ፣ በየማኅበራችሁና በየትምህርት ቤታችሁ ካሜራ የምትይዙ፣ ገመድ የምትዘረጉ፣ «ቀጥታ ሥርጭቱ ገባ ወይ?» ተብላችሁ የምትጠየቁ በጎ ፈቃደኞች ናችሁ። ደመወዝ የላችሁም። ሥራችሁ ሲሰምር ማንም ልብ አይለውም፤ ምስሉ ሲቆም ግን ዓይን ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ነገ ወደ ሥራ ልታውሉት የምትችሉት እንዲሆን አስቤ ነው የመጣሁት።

ርዕሴ አንድ የቪዲዮ ማሰራጫና ብዙ መቀበያዎቹ ናቸው፤ እንዴት እንደሚተከሉ፣ እንዴት እንደሚተዳደሩ። አቋሜን ገና ከመነሻው ልናገር። ብዙዎቻችን ማሰራጫውን መርጠን፣ ገዝተን፣ ገጣጥመን እንጨርስና ስለ መቀበያው የምናስበው አንድ ሰው ደውሎ «አይታየኝም» ሲለን ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የሚያየው ማን ነው? በምን መሣሪያ ነው የሚያየው? በየትኛው ኔትወርክ? የዳታውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚገዛ ካሜራና የሚዘረጋ ገመድ የማኅበሩን ገንዘብ ያባክናል።

ስለ ማሰራጫው ብቻ የማሰብ ልማድ ከአየር ሞገድ ዘመን የወረስነው ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያው ምልክቱን በአየር ይለቃል፤ አንቴና የሰቀለ ይቀበላል። ተቀባዩ አንድ ቤት ይሁን አሥር ሺህ ቤት፣ በማሰራጫው ላይ የሚጨምረው ጭነት የለም። ሳተላይትም በዚህ ረገድ ያው ነው። ሆኖም በሳተላይትም ቢሆን የመቀበያው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቅርቡ አይተናል። ጣቢያዎቻችን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደምትገኘው ሳተላይት ሲዛወሩ፣ በላኪው በኩል የነበረው ሥራ የምልክቱን መንገድ መቀየር ነበር። በተቀባዩ በኩል ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዲሹን ማዞር ወይም ባለሙያ መጥራት ነበረበት። ላኪው በአንድ ውሳኔ የጨረሰውን ተቀባዩ ቤት ለቤት ነው የሚጨርሰው።

በኢንተርኔትና በውስጥ ኔትወርክ የሚደረግ ሥርጭት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ቅጂ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ከመስመሩ ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እዚህ ላይ መቀበያ በጨመረ ቁጥር ላኪው ዘንድ የሚደርስ ጫና አለ። በአየር ሞገድ ልማድ ወደዚህ ሥራ የገባ ሰው የሚደናቀፈውም እዚህ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኤኮል ሳንትራል ፓሪ በተባለው የምሕንድስና ትምህርት ቤት፣ የተማሪዎች ካምፓስ ኔትወርክ አርጅቶ ቶከን ሪንግ በተባለው ዘገምተኛ ሥርዓት ላይ ነበር። ተማሪዎቹ ፈጣን ኔትወርክ ይፈልጋሉ፤ ግን ትልቅ ወጪ የሚያስፈቅድ ምክንያት ማቅረብ ነበረባቸው። የተገኘው ምክንያት ቪዲዮ ሆነ፦ ለየተማሪው ክፍል ዲሽና ዲኮደር ከመግዛት አንድ ዲሽ ተክሎ ምስሉን በኔትወርኩ ወደ ሁሉም ኮምፒውተር ማሰራጨት። ለዚህም ሁለት ፕሮግራሞች ጻፉ፤ አንዱ ላኪ፣ አንዱ ተቀባይ። ፕሮጀክቱን ቪዲዮላን አሉት። እ.ኤ.አ. የካቲት 2001 ላይ ትምህርት ቤቱ ሥራው በነፃ ፈቃድ ለሕዝብ እንዲለቀቅ ተስማማ።

ላኪው ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ ተረሳ፤ ተግባሩም ወደ ተቀባዩ ተጠቃለለ። ተቀባዩ ግን ዓለምን ዞረ። ዛሬ በብዙዎቻችሁ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያለው፣ ብርቱካናማ የመንገድ ሾጣጣ ምልክት ያለበት ቪኤልሲ ያ ተቀባይ ነው። ማንኛውንም ዓይነት ፋይል፣ የተጎዳውንም ጭምር፣ እሺ ብሎ እንዲከፍት ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ነው ያቆየው። ለእኔ ይህ ታሪክ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከዚያ ሥራ የተረፈው፣ የሰው ልጅ የተጠቀመበት፣ ለተመልካቹ ችግር የተጨነቀው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ። ትልቅ በዓል ነው፤ አዳራሹ ሞልቷል። ሕዝቡ በጎን ባሉ ክፍሎችና በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ በቴሌቪዥን እንዲከታተል ተፈልጓል። የኤችዲኤምአይ ገመድ በቀጥታ ለመዘርጋት ብታስቡ ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲያልፍ ምልክቱ መዳከም ይጀምራል። ስለዚህ በገበያ ላይ ያሉትን ማሰራጫና መቀበያ ሳጥኖች ትጠቀማላችሁ፦ አንዱ ሳጥን ካሜራው ወይም የምስል ሚክሰሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በየቴሌቪዥኑ ጀርባ። በመካከላቸው ተራ የኔትወርክ ገመድ አለ፤ ይህ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ገመዶቹን የሚያገናኛቸው ሳጥን ስዊች ይባላል።

ሳጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት ስንት መቀበያ እንደሚኖራችሁ ቁጠሩ፤ ዛሬ ያላችሁን ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት የሚጨመረውንም። ምስሉን አጥብቀው የሚጨምቁ ሳጥኖች በተለመደው 100 ሜጋ ቢት ስዊች ላይ ይሠራሉ። ምስሉን ብዙም ሳይጨምቁ፣ ያለ መዘግየት የሚልኩ ሳጥኖች ደግሞ ጊጋ ቢት ስዊች ይፈልጋሉ። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁት።

አንድ ማሰራጫ ለብዙ መቀበያ የሚልክበት መንገድ ሁለት ነው። የዕድርን ጥሪ አስቡ። መልእክተኛው በየቤቱ እያንኳኳ ለእያንዳንዱ አባል ሊናገር ይችላል፤ ወይም ጡሩምባ ነፊው አደባባይ ላይ ቆሞ አንዴ ይነፋና የሚመለከተው ሁሉ ይሰማል። የመጀመሪያው ዩኒካስት ይባላል፤ ሁለተኛው መልቲካስት። በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ሆኖ የሚላክ ምስል ለ6 ቴሌቪዥን በዩኒካስት ቢሄድ 48 ሜጋ ቢት ነው፤ ማሰራጫው ይችለዋል። አንድ ትምህርት ቤት በ30 ክፍሎች ልዘርጋ ቢል ግን 240 ሜጋ ቢት ይሆናል፤ 100 ሜጋ ቢት መውጫ ያለው ማሰራጫ ይወድቃል። በመልቲካስት ከማሰራጫው የሚወጣው ሁልጊዜም 8 ብቻ ነው፤ ቅጂውን የሚያባዛው ስዊቹ ነው።

የመልቲካስትን መሠረት የጣለው ስቲቭ ዲሪንግ የተባለ ሰው ነው፤ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ለዚህ የተመደቡት አድራሻዎች ከ224 ጀምረው በ239 በሚነሡት ያበቃሉ፤ ለውስጥ ኔትወርክ በ239 የሚጀምረውን ተጠቀሙ። እያንዳንዱ መቀበያ «ይህን ሥርጭት እፈልጋለሁ» ብሎ ለስዊቹ ያስታውቃል፤ ስዊቹም መዝግቦ ለጠየቀው ብቻ ያደርሳል። ይህ የምዝገባ ሥርዓት አይጂኤምፒ ይባላል፤ ስዊቹ ምዝገባውን እየተከታተለ እንዲያደርስ የሚያደርገው ደግሞ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ነው። ርካሹ ስዊች ይህ የለውም። ሥርጭቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ ለፕሪንተሩም ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተርም ያፈሰዋል። በዚያ መስመር ላይ የዋይፋይ መሣሪያ ካለ የግቢው ዋይፋይ በሙሉ ይታነቃል፤ ምክንያቱም መልቲካስት በዋይፋይ ላይ ሲሄድ በዝቅተኛው ፍጥነት ይላካል፤ የደረሰና ያልደረሰ መሆኑንም ተቀባዩ አያረጋግጥም። ስለዚህ የቴሌቪዥኖቹ ኔትወርክ ለብቻው ይሁን፤ መቀበያዎቹም በገመድ ይያዙ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን እባካችሁ ጻፉት፤ ብዙ በዓል ያበላሸ ነገር ነው። ስዊቹ የያዘው መዝገብ ያረጃል። በኔትወርኩ ላይ በየጊዜው «አሁንም ትፈልጋላችሁ?» እያለ የሚጠይቅ አንድ መሣሪያ መኖር አለበት፤ በተለመደው አሠራር በየ125 ሰከንዱ ይጠይቃል። ጠያቂ ከሌለ ስዊቹ 260 ሰከንድ ቆይቶ መዝገቡን ይሰርዛል። ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ ይጀምራል፤ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ጥርት ያለ ምስል ያሳያሉ፤ ከአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ ላይ ይቆማሉ። መቀበያዎቹን አጥፍተው ቢያበሯቸው ምስሉ ይመለሳል፤ ከዚያ ደግሞ በዚያው ልክ ይቆማል። ሰው ሳጥኑን ይረግማል፤ ገመድ ይቀይራል፤ ካሜራ ይቀይራል። መፍትሔው ስዊቹ ውስጥ ኩዌሪየር የሚባለውን ምርጫ ማብራት ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ። የሙከራ ሥርጭት ከአንድ ሰዓት በታች መሆን የለበትም የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ብሎ የሄደ ምንም አልፈተነም።

ሌላው አድራሻ ነው። ብዙ ሳጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለት ማሰራጫ በአንድ ስዊች ላይ ስትሰኩ ይጋጫሉ። እያንዳንዱን ለብቻው አብሩና ቋሚ አድራሻ ስጡት፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። አንድ ደብተር ይኑራችሁ፦ ሳጥኑ፣ ያለበት ክፍል፣ የተሰካበት የስዊች ቀዳዳ፣ አድራሻው። ይህ ደብተር በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ያ ሰው የታመመ ቀን ሥርጭት የለም።

ስለ መዘግየትም ላንሣ። ድንኳኑ ለአዳራሹ ቅርብ ከሆነ ሕዝቡ ድምፁን ከአዳራሹ የድምፅ ማጉያ በቀጥታ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ እስኪፈታ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰባኪው ዝም ካለ በኋላ በቴሌቪዥኑ ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይህ ለሽማግሌና ጆሮው ለደከመ ሰው እጅግ አድካሚ ነው፤ ከንፈር እያየ ነውና የሚሰማው። ለዚህ ዓይነት ቦታ ዝቅተኛ መዘግየት ያለው ሳጥን መግዛት ይገባል፤ ካልተቻለ ድንኳኑ የራሱ ድምፅ ማጉያ ኖሮት ድምፁን ከመቀበያው ሳጥን ይውሰድ፤ ወደዚያ የዞረው የአዳራሹ ማጉያ ይጥፋ። በአንድ ክፍል ሁለት ቴሌቪዥን ካለ ድምፅ ከአንዱ ብቻ ይውጣ። ሁለቱ መቀበያዎች እኩል ስለማይፈቱ ድምፁ ይደራረባል።

ከግቢው ስንወጣ ነገሩ ይለወጣል። መልቲካስት ከአጥሩ ውጭ አይሠራም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤምቦን በተባለ የሙከራ ኔትወርክ ተሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1994 የሮሊንግ ስቶንስ ኮንሰርት በከፊል ከዳላስ በዚያ ተላልፏል። ነገር ግን የኢንተርኔት ኩባንያዎች በመካከላቸው መልቲካስትን ስለማያሳልፉ ሐሳቡ በየግቢው ታጥሮ ቀረ። ስለዚህ ሩቅ ላለው ተመልካች እንደገና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ መላክ ግዴታ ነው። የመጫኛ ፍጥነታችሁ 10 ሜጋ ቢት ከሆነና ምስላችሁ 4 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ከግቢያችሁ በቀጥታ ማስተናገድ የምትችሉት ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ እናንተ አንድ ቅጂ ወደ ዩቲዩብ፣ ወደ ፌስቡክ ወይም ወደ ተከራያችሁት ሰርቨር ትልካላችሁ፤ ለብዙኃኑ የሚያከፋፍለው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር ይጠቅመናል። 1080 የሚባለው ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ 1.2 ጊጋ ቢት ገደማ ይሆናል። ኤች 264 የተባለው መጭመቂያ ወደ 4 ሜጋ ቢት ያወርደዋል፤ ከ300 አንድ እጅ በታች ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ኢንኮደር ነው፤ ለብቻው የሚገዛ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ኦቢኤስ የተባለውን የማሰራጫ ፕሮግራም የጫናችሁበት ላፕቶፕም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የመጫኛ ፍጥነታችሁን ለኩ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ የውል ወረቀቱ ላይም ጎልቶ የሚጻፈው እርሱ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ የሚጫነው ነው። በፕሮግራሙ ቀንና ሰዓት፣ ሕዝቡ ስልኩን ይዞ በገባበት ሁኔታ ለኩት፤ ከተገኘው ከግማሹ አትለፉ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ግን ከእናንተ አቅም በላይ ነው፤ ተመልካቹ ምን ይችላል? የሦስት ሰዓት ፕሮግራም በ2.5 ሜጋ ቢት ሙሉውን ያየ ሰው 3.4 ጊጋ ባይት ገደማ ይጨርሳል። በግማሽ ሜጋ ቢት ያየ 675 ሜጋ ባይት። በ64 ኪሎ ቢት ድምፁን ብቻ የሰማ ደግሞ 86 ሜጋ ባይት። የሞባይል ጥቅል ገዝታ የወንድሟን ሠርግ ወይም የአባቷን ቀብር ለምትከታተል እህት በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከኪሷ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ዩቲዩብን የመሰሉ አገልግሎቶች ከላካችሁት አንድ ምስል ዝቅ ያሉ ደረጃዎች አዘጋጅተው ተመልካቹ በመስመሩ አቅም እንዲያገኝ ያደርጋሉ። የራሳችሁን ሰርቨር ከተከራያችሁ ይህን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ድምፅ ብቻ የሚሰማበት መስመርም ከጎን ክፈቱ። ይህን የሚያደርግ ማኅበር ጥቂት ነው፤ ልባቸው ቀርቦ ገንዘብ ማጣት ላራቃቸው ሰዎች ግን ከማንኛውም ካሜራ ይበልጣል።

ስለ መላኪያው መንገድ ባጭሩ። አርቲኤምፒ የተባለው የቆየው ስልት ነው፤ አብዛኛው አገልግሎት ይቀበለዋል፤ መስመሩ ሲቆራረጥ ግን ይንገዳገዳል። ኤስአርቲ የሚባለው ሃይቪዥን የተባለ ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሁሉም የለቀቀው ነው፤ የጠፋውን ቁራጭ እንደገና እየጠየቀ ይሞላል። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ስጡት፤ ደርሶ መልሱ 200 ሚሊሰከንድ በሆነ መስመር ላይ 800 ሚሊሰከንድ ያህል የመጠበቂያ ጊዜ ብትሰጡት ይረጋጋል። ቁልፍ ፍሬም የሚባለውን፣ ማለትም ሙሉውን ምስል የያዘውን ፍሬም፣ ደግሞ በየ2 ሰከንዱ አድርጉት። ዘግይቶ የገባ ተመልካች ምስል የሚያየው ቁልፍ ፍሬም ሲያገኝ ነው፤ አሥር ሰከንድ ካራቃችሁት አሥር ሰከንድ ጥቁር ስክሪን እያየ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አስቡ፤ ሩቅ ያለው ሰው የሚያየው ያለፈውን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤችኤልኤስ በተባለው ስልት ምስሉ በቁራጭ ይላካል፤ ቁራጩ 6 ሰከንድ ቢሆንና ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ እስኪያጠራቅም ቢጠብቅ 18 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አሁን ተቋረጠ» ብሎ ሲጽፍላችሁ አሁን የምታዩትን ሳይሆን ከሃያ ሰላሳ ሰከንድ በፊት የሆነውን መርምሩ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚሠሩ እህቶቻችን ትንሽ ልናገር፤ የብዙ ቤተሰብ ሥርጭት የሚታየው እዚያ ነውና። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ለረጅም ጊዜ ተገድቦ የኖረ ነው። «በጥሪ እናሳያታለን» ብሎ ለቀብር ቀን መተማመን አይቻልም። በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሥርጭት ግን ይደርሳል። ሰዓትንም አስቡ። የሪያድና የኩዌት ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀመር ፕሮግራም እዚያ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የኢትዮጵያን ሰዓትና የዚያን አገር ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ፤ ቅጂውም ቢያንስ ለሳምንት ይቀመጥ። ሌሊት ነቅቶ ማየት የማይችል ሠራተኛም ከቤተሰቡ ነው።

ድምፅን አስበልጡ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ይዘጋል። ከካሜራው ማይክ አትውሰዱ፤ ከሚክሰሩ ለብቻው መስመር ይውጣላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ጥሩ የሆነው ድምፅ ለሥርጭት ጥሩ ላይሆን ይችላል፤ ከበሮው አዳራሹን ራሱ ስለሚሞላ በሚክሰሩ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ ይሆናል፤ በሥርጭቱ ግን ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ለሥርጭቱ የተለየ መውጫ ጠይቁ፤ አንድ ሰውም የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይከታተለው።

ወደ አስተዳደሩ ልምጣ። በየማኅበሩ ካሜራ የሚይዝ፣ ምስል የሚቀያይር፣ ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ይመደባል። የሚጎድለው አንድ ነው፦ መቀበያው ዘንድ የሚቀመጥ ሰው። ይህ ሰው ከግቢው ዋይፋይ ውጭ ይሁን፤ በሞባይል ዳታ፣ ርካሽ በሆነ ስልክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከት። «ድምፅ የለም» ባለ ጊዜ ያለ ክርክር ይታመን። የግቢውን ክፍሎች ደግሞ ሌላ ሰው በየሩብ ሰዓቱ ይዙር። ላኪው ኮምፒውተር ላይ ያማረ ምስል መታየቱ ተመልካቹ ዘንድ ለመድረሱ ማረጋገጫ አይደለም።

ቅሬታ ሲመጣ ወዲያው ማሰራጫውን አታጥፉ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቆመበት? ችግሩ እርሱ ዘንድ ነው። አንድ አገር ያሉት ሁሉ ናቸው? መንገዱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ናቸው? ያን ጊዜ ወደ ራሳችሁ ተመልከቱ። ኦቢኤስ የስታቲስቲክስ መስኮት አለው፤ ሦስት ዓይነት የጠፉ ፍሬሞችን ለይቶ ያሳያል። በኔትወርክ የጠፋ ከሆነ ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የምትልኩትን መጠን፣ ቀንሱ። በኢንኮደር የጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ መጭመቅ ከብዶታል፤ ከ1080 ወደ 720 ውረዱ። በማሳያው የጠፋ ከሆነ ግራፊክሱ ተጨናንቋል፤ ሌላውን ፕሮግራም ዝጉ። ለአንድ ሰው ቅሬታ ማሰራጫውን ያጠፋ ባለሙያ በሰላም ያዩ የነበሩትን ሁሉ ያስወጣቸዋል፤ ብዙዎቹም አይመለሱም።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ራውተሩና ስዊቹ ግን ይጠፋሉ። ዩፒኤስ የተባለው የባትሪ መጠባበቂያ መጀመሪያ ለእነርሱ ይሁን፤ የሚፈጁት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ስላለ ዋናው መስመር በአንዱ፣ መጠባበቂያው በሌላው ይሁን፤ መቀየሩንም በልምምዱ ቀን ፈትኑት።

የሥርጭት ቁልፍ የሚባለውን ረጅም ኮድ በማንም ቴሌግራም ቡድን ላይ አትለጥፉ፤ ስክሪናችሁን ስታሳዩም እንዳይታይ ተጠንቀቁ። ያን ኮድ የያዘ ሁሉ በእናንተ ስም የፈለገውን ማስተላለፍ ይችላል። ሰው ከቡድኑ ሲለቅ ቁልፉ ይቀየር።

ስለ ሰው ክብርም ልበል። ለቅሶ ላይ ፊቷን የምትነጭ እናት፣ ልብሷ የወለቀ ሕፃን በዓለም ፊት ይታዩ ዘንድ አልተስማሙም። ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰፊ ቀረጻ አዘውትሩ፤ ሊንክ ላለው ብቻ በሚከፈተው መንገድ አሠራጩ፤ ያም ቢሆን ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ ለቤተሰቡ ንገሯቸው። ቴክኒኩን የሚያውቀው እናንተ ናችሁና ይህን የማስረዳት ግዴታ ያለው እናንተ ላይ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልለምናችሁ። ብዙዎቻችሁ በዚህ ዓመት የተሻለ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ካሜራው ይቆይ። የመጀመሪያው ገንዘብ ስኑፒንግና ኩዌሪየር ላለው ስዊች፣ ለመልካም ገመድ፣ ለራውተሩ ዩፒኤስ ይዋል። በመጪው ሳምንት ሪያድ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ላሉ አባሎቻችሁ ደውላችሁ በምን ስልክ፣ በምን ዓይነት የዳታ ጥቅል እንደሚያዩ ጠይቋቸው፤ መልሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉት። ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊትም በየማኅበራችሁ ተመካክራችሁ መቀበያው ዘንድ የሚቀመጠውን ሰው በስም ምረጡ።